ጠዋት ጠዋት የሚጠፋው ሊንክ፦ በሐዋሳ ሐይቅ ላይ የተዘረጋ የአንድ ሬዲዮ ጉዳይ

ከሐዋሳ ሐይቅ ማዶ፣ በምዕራብ ዳርቻ በኩል አንድ የአትክልት እርሻ አለ። ቲማቲም፣ ቃሪያና ሽንኩርት ያመርታል። ቢሮው ግን ወዲህ ከተማው ውስጥ፣ ሐይቁን ቁልቁል ከሚያይ ፎቅ ላይ ነው። ቢሮው ፋይበር አለው፤ እርሻው የለውም። ባለቤቱ የፓምፑን ካሜራ፣ የመጋዘኑን ካሜራና የሥራ አስኪያጁን ኮምፒውተር ከቢሮው ጋር ማገናኘት ፈለጉ። ስለዚህ ከፎቁ ጣራ ተነስቶ ውሃውን ተሻግሮ እርሻው ላይ የሚያርፍ የሬዲዮ ሊንክ ተሠራ።

ርቀቱ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሐል ላይ ሕንፃ የለም፣ ዛፍ የለም፣ ኮረብታ የለም። ያለው ውሃ ብቻ ነው። ወረቀት ላይ ከዚህ የቀለለ ሥራ አይገኝም።

ቅሬታው ደግሞ ይህ ነበር። ሊንኩ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ይዳከማል። ጎህ ሲቀድ ጭራሽ ይጠፋል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሶ ይመጣል፣ ከሰዓት በኋላማ እንደ ጉድ ይሠራል። እርሻው ሐይቁን ዞሮ የሚደረስበት ስለሆነ የሚጠራው ባለሙያ ሁሉ እዚያ የሚደርሰው ረፋድ ላይ ወይም ከምሳ በኋላ ነው። ሲደርስ ሊንኩ ይሠራል። ብሎን ጠበቅ ያደርጋል፣ «አሁን ጥሩ ነው» ይላል፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። በነጋታው ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ይደውላል፦ «ዛሬም ጠፍቷል እኮ!»

እኛ ስንጠራ ሥራው እንዲህ እየተንከባለለ ከርሟል።

ያገኘነው ዕቃ

በሁለቱም ጫፍ 25 ዲቢአይ (ዲሹ ሲግናሉን የሚያጎላበት መለኪያ) የሚሰጥ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዲሽ ከነሬዲዮው ተሰቅሏል። ድግግሞሹ 5.8 ጊጋኸርዝ ነው። የሬዲዮው ጉልበት 22 ዲቢኤም ላይ ተቀምጧል። የከተማው አንቴና ከሐይቁ ወለል 20 ሜትር ከፍ ይላል። የእርሻው ደግሞ 8 ሜትር የብረት ቋሚ ላይ ነው፤ መሬቱ ራሱ ከውሃው 2.3 ሜትር ስለሚበልጥ በድምሩ 10.3 ሜትር ይሆናል። ይህን የለካነው ግንበኞች በሚጠቀሙበት የውሃ ልክ ቱቦና በሜትር ነው። እነዚህን ቁጥሮች ያዙልኝ፣ ኋላ ላይ ሁሉም ነገር እነሱ ላይ ይንጠለጠላል።

አዲስ ዕቃ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ በዚህ አጋጣሚ፦ የሬዲዮ ዕቃ ፈቃድ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ነው፣ ከገዛችሁ በኋላ ሳይሆን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

ሲግናሉ ስንት መሆን እንዳለበት አስቀድሞ ማስላት ይቻላል፣ ብዙ ሰው ግን አያሰላም። በ8 ኪሎ ሜትርና በ5.8 ጊጋኸርዝ በባዶ አየር ላይ የሚባክነው 125.8 ዲቢ ነው። 22 ጉልበት፣ በሁለቱ ዲሾች 50 ሲደመር፣ ከዚያ 125.8 ሲቀነስ፣ -54 ዲቢኤም አካባቢ ይመጣል፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሲግናሉ ጠንካራ ነው። ይህን ቁጥር ሳይዝ ጣራ ላይ የወጣ ሰው ያገኘው ሲግናል ጥሩ ይሁን መጥፎ በምን ያውቃል? «ይሠራል» ማለት መለኪያ አይደለም።

ከእኛ በፊት የተሞከረው

ብዙ ነገር። ዲሹ ተደጋግሞ ተስተካክሏል። የእርሻው ሬዲዮ በአዲስ ተቀይሯል። ገመዱ ተቀይሯል። ቻናሉ ወደ 5.5 ጊጋኸርዝ ወርዶ ትንሽ ተሽሎት ነበር፤ በዚህ የተነሳ «ችግሩ የሌሎች ሬዲዮ ጣልቃ ገብነት ነው» ተባለ። ግን አዲሱ ቻናል ላይ ጩኸቱ (ሲግናሉን የሚሸፍነው ሌላ ሞገድ) ስለበዛ ወደ 5.8 መለሱት። ቻናሉ ሲወርድ ለምን እንደተሻለው ቆይተን እናያለን፤ ከጣልቃ ገብነት ጋር ግን ምንም አያገናኘውም።

ሰውም የየራሱን ግምት ሰጥቷል። ጥበቃው ጉም ነው አለ። ጀልባ ቀዛፊዎቹ ማዕበል ነው አሉ። የቢሮው ጸሐፊ ጥፋቱን አባ ኮዳ ላይ ጣለችው። እንዲያው ፍርደ ገምድል እንዳንሆን፣ የእሷ ነገር ሙሉ በሙሉ ቀልድ አይደለም። ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል የሄደ ሰው ያውቃቸዋል፣ አባ ኮዳ ትልቅ ወፍ ነው፣ ጣራ ላይ ቆሞ መዋል ይወዳል፣ ልል ብሎን ላይ ካረፈ ዲሹን ዝቅ ያደርገዋል። ግን የወፍ ጥፋት ቢሆን ዲሹ እንደተጣመመ ይቀር ነበር እንጂ በየቀኑ 3 ሰዓት ላይ ራሱን አያቃናም።

በመጨረሻ የቀረበው መፍትሔ እርሻው ላይ 18 ሜትር ማማ መትከል ነበር። የዋጋ ማቅረቢያው ደርሷል። ባለቤቱ ሊፈርሙ ምንም አልቀራቸውም።

መጀመሪያ አቅጣጫውን አጣራን

የተበላሸ አቅጣጫ ላይ ቆሞ ሌላ ምክንያት መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። ስለዚህ ከዚያው ጀመርን።

8 ኪሎ ሜትር ማዶ ያለን ቋሚ በዓይን መለየት ከባድ ነው። ቀላሉ ዘዴ መስታወት ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ፀሐይ ገና በምሥራቅ ስላለች እርሻው ላይ ያለው ሰው ፊት ለፊቱ ያገኛታል። ትንሽ የፊት መስታወት ይዞ ወደ ከተማው ሲያብለጨልጭ፣ ጣራ ላይ ያለነው ብልጭታውን አየነው። ኮምፓስ በብረት ቋሚና በቆርቆሮ ጣራ አጠገብ ይዋሻል፤ መስታወት አይዋሽም።

ከዚያ አንዱ ጫፍ ሳይነካ ሌላው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከተነኩ ማን ምን እንዳደረገ አይታወቅም። ስልክ ክፍት ይሆናል፣ አንዱ ቁጥር ያነባል፣ ሌላው ያዞራል። ዲሹን ወደ ግራና ቀኝ ስታዞሩ የተሻለ ቁጥር ባገኛችሁበት አትቁሙ። እለፉት። ቁጥሩ ወርዶ ወርዶ እንደገና ከፍ ሲል ታያላችሁ፤ ያ የጎን ጨረር ነው፣ ዲሹ ከዋናው አቅጣጫ ውጭ ወደ ጎን የሚረጨው ደካማ ጨረር። ከዋናው ጨረር ወደ 20 ዲቢ ገደማ ያንሳል፣ ግን ሲግናል ስላለው ብዙ ሰው እዚያ ላይ ብሎኑን አጥብቆ ይወርዳል። በሁለቱም በኩል ያሉትን የጎን ጨረሮች ካያችሁ መሐላቸው ያለው ዋናው ነው። ከዚያ ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች።

ወደ ላይና ወደ ታች ሲባል አንድ የማይለቅ ልማድ አለ። ፎቅ ላይ ያለው ሰው ዲሹን ቁልቁል ያዘነብለዋል፣ እርሻው «ታች» ስለሆነ። ሒሳቡን እንየው። 10 ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት በ8 ኪሎ ሜትር ላይ ከአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ዲሹ ቀጥ ብሎ አድማሱን ማየት አለበት፣ በቃ። የዚህ ዲሽ የጨረር ስፋት ደግሞ ወደ 9 ዲግሪ ነው።

ውጤቱ? ከእኛ በፊት የሰቀሉት ልጆች ሥራቸውን በደንብ ሠርተዋል። ከሰዓት በኋላ -57 አነበብን። ከተሰላው 3 ዲቢ ነው የጎደለው። ዲሹን የትም ብናዞረው አልተሻለም። የጎን ጨረር ላይ ቢሆን ኖሮ -75 አካባቢ እናይ ነበር፣ እሱም ቀኑን ሙሉ። ስለዚህ ብሎኑን እንዳለ ተውነው።

ሌሊቱን መዝግቦ ማደር

ሬዲዮው ራሱ የሲግናሉን መጠን ይመዘግባል። በየደቂቃው እንዲጽፍ አድርገን ከሁለቱም ጫፍ ሰበሰብን። መልሱ የነበረው እዚህ ላይ ነው። ማንም ሳያየው የቀረውም ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እርሻው ላይ የሚገኝ ባለሙያ ስለሌለ ይመስለኛል።

ከተማው -57 የነበረው ቀስ እያለ ወረደ፣ -65፣ -70፣ ጎህ ሲቀድ -78። እርሻውም በዚያው ሰዓት እኩል ወረደ። ሬዲዮው ቁምና አግድም የሚያስተላልፍባቸው ሁለት መስመሮች አሉት፣ ሁለቱም አብረው ወረዱ። የጀርባ ጩኸቱ ግን ባለበት ነው፣ አልጨመረም።

ይህን አንድ በአንድ እንየው። የሌላ ሰው ሬዲዮ እየረበሸ ቢሆን ጩኸቱ ይጨምር ነበር፣ ሲግናሉ አይወርድም፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው አንዱን ጫፍ ነው። ገመድ ወይም መሰኪያ ውሃ ገብቶበት ቢሆን ሁለቱም ጫፍና ሁለቱም መስመር እንዲህ እኩል አይወርዱም። ቋሚው በንፋስ ቢወዛወዝ ቁጥሩ ይንቀጠቀጣል፤ ደግሞም በዚያ ሰዓት ሐይቁ ላይ ንፋስ የለም፣ ውሃው ጸጥ ያለ ነው። ጉም ቢሆንስ? በዚህ ድግግሞሽና ርቀት ጉም የሚወስደው ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ሁለቱም ጫፍ፣ ሁለቱም መስመር፣ እኩል፣ ቀስ እያለ። ስለዚህ ዕቃው ጤነኛ ነው። የተቀየረው መሐል ያለው መንገድ ነው።

ውሃው የሚመልሰው ጨረር

ከከተማው የሚነሳው ሞገድ ወደ እርሻው የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ቀጥታ። ሌላው ሐይቁን ነክቶ፣ ተንፀባርቆ። ሁለተኛው ትንሽ ረዘም ያለ መንገድ ስለሚሄድ ዘግይቶ ይደርሳል። ሁለቱ ሲገናኙ ወይ ይደጋገፋሉ ወይ ይጣፋሉ፣ አንዱ ወደፊት ሌላው ወደኋላ የሚጎትቱት ጋሪ እንደማይሄደው ማለት ነው።

የመንገዱን ልዩነት ለማወቅ ሒሳቡ ቀላል ነው። የሁለቱን አንቴናዎች ከፍታ ከውሃው ለክታችሁ አባዙ፣ በ2 አባዙ፣ በርቀቱ አካፍሉ። 2 ሲባዛ በ20፣ ሲባዛ በ10.3፣ ሲካፈል ለ8000። የሚመጣው 5.15 ሳንቲ ሜትር ነው።

የ5.8 ጊጋኸርዝ የሞገድ ርዝመት 5.17 ሳንቲ ሜትር ነው።

ውሃ እንዲህ በተኛ ማዕዘን የመታውን ሞገድ ገልብጦ ነው የሚመልሰው። ስለዚህ የመንገዱ ልዩነት ልክ አንድ ሙሉ ሞገድ ሲሆን ሁለቱ ጨረሮች ይጣፋሉ። አንቴናው የተሰቀለው፣ ማንም ሳያስበው፣ ሲግናሉ በሚጠፋበት ጉድጓድ አፋፍ ላይ ነበር። ቻናሉ ወደ 5.5 ሲወርድ ለምን እንደተሻለውም አሁን ግልጽ ነው፤ ሞገዱ ወደ 5.45 ሳንቲ ሜትር ረዘመና ከጉድጓዱ ትንሽ ወጣ።

ታዲያ ለምን ጠዋት ብቻ? ሞገድ በአየር ውስጥ ፍጹም ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ በትንሹ ወደ መሬት ይጎብጣል። ቀን ላይ አየሩ ሲሞቅና ሲቀላቀል ጉብጠቱ መካከለኛ ነው። ከምድር ክብነት ጋር ተደምሮ ሲሰላ ሁለቱ አንቴናዎች 18.4 እና 9.9 ሜትር ላይ እንዳሉ ይቆጠራል፣ ልዩነቱም ወደ 4.5 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ይህ ከጉድጓዱ ያወጣል፤ የሚጎድለው 2 ወይም 3 ዲቢ ብቻ ነው። ያየነውም ይህንኑ ነው። ሌሊት ግን አየሩ ይረጋል፣ በንብርብር ይተኛል፣ ጉብጠቱ ይጨምራል፣ ምድሪቱ ለሞገዱ ጠፍጣፋ ትመስላለች። ያኔ 5.15 ይመጣል። ጉድጓድ ውስጥ ገባን ማለት ነው።

ጀልባ ቀዛፊዎቹ ስላሉት ማዕበልም አንድ ነገር ልበል። ጨረሩ ውሃውን የሚነካበት ማዕዘን ከሩብ ዲግሪ በታች ነው። በዚህ ማዕዘን የአንድ ክንድ ማዕበል እንኳ ለሞገዱ ለስላሳ ወለል ነው። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ሲናወጥ ሊንኩ የሚሻለው በማዕበሉ ምክንያት ሳይሆን ማዕበሉን ያመጣው ንፋስ አየሩን ስለሚያማስለው ነው። ሰዎቹ ያዩት ነገር ትክክል ነበር፣ ምክንያቱ ነው የተገለበጠባቸው።

ዲሹን ቀና አድርጎ ከውሃው የሚመጣውን መሸሽም አይቻልም። በቀጥታውና በተንፀባረቀው መሐል ያለው ማዕዘን ከዲግሪ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም፣ የዲሹ ጨረር ደግሞ 9 ዲግሪ ነው አልን። ለዲሹ ሁለቱም አንድ ናቸው።

«ዝቅ? ልጄ!»

ማማው ቢተከል ኖሮ አንቴናው ከውሃው 20.3 ሜትር ላይ ይሆን ነበር። በሒሳቡ አስገቡት፦ 10.15 ሳንቲ ሜትር። ሁለት ሙሉ ሞገድ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ያን ሁሉ ብረትና ሲሚንቶ ከፍሎ ወደ ሁለተኛው ጉድጓድ አፋፍ መሄድ።

15.5 ሜትር ላይ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ግን እሱም ማማ ይፈልጋል። ከፍ በተባለ ቁጥር ደግሞ የአየሩ ለውጥ ቶሎ ይሰማል። ከሁሉ የሚሻለው 5 ሜትር አካባቢ ነው። እዚያ ልዩነቱ ግማሽ ሞገድ ይሆናል፣ የውሃው ጨረር ከቀጥታው ጋር ይደማመራል፣ ቢበዛ እስከ 6 ዲቢ ይጨምራል።

ለባለቤቱ ነገርናቸው። «ጋሼ፣ ማማው ይቅር። አንቴናውን ዝቅ እናድርገው።»

«ዝቅ? ልጄ፣ ሰው ኔትወርክ ሲጠፋበት ኮረብታ ነው የሚወጣው። እናንተ ወደ ጉድጓድ ልትከቱኝ ነው እንዴ?»

«ነገ ንጋት ላይ ቁጥሩን ራስዎ ስልክዎ ላይ ያዩታል። ካልተሻለ አንድ ብር አይከፍሉም።»

ሳቁ። ግን ፈቀዱ። ፊርማውን እንዳቆዩት ኋላ ነው ያወቅነው።

እርሻው ላይ አድረን ጎህ ሲቀድ ቋሚው ላይ ዲሹን ከላይ ወደ ታች እያወረድን በየሜትሩ አነበብን። በ10.3 ሜትር፣ -78። በ9 ሜትር፣ -59። በ7 ሜትር፣ -52። በ5 ሜትር፣ -50። አንድ ሜትር ከ30 ወርዶ ወደ 20 ዲቢ ማግኘት በእጅ ሲሠራ የሚገርም ነገር ነው። ቁጥሩን እያነበበ የነበረው ሥራ አስኪያጁ ስልኩ የተበላሸ መስሎት ዘግቶ ከፈተው።

ዲሹ በመጨረሻ ከመሬት 2.7 ሜትር ላይ ተሰቀለ። ማቀፊያው ስለላላ የግራና ቀኙን አቅጣጫ እንደገና መፈለግ ነበረብን። ላይና ታቹ ግን አልተነካም፤ 5 ሜትር መውረድ በዚህ ርቀት ማዕዘኑን የሚለውጠው ለይስሙላ ነው። ብሎኖቹን አንዱን ሙሉ በሙሉ አጥብቆ ወደ ሌላው ከመሄድ ይልቅ በየተራ ትንሽ ትንሽ ማጥበቅ ይሻላል፣ አለበለዚያ ዲሹ ሲጠብቅ ይዞራል። ገመዱ ሬዲዮው ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ጎብጦ እንዲመለስ አደረግን፣ የዝናቡ ውሃ መሰኪያው ውስጥ ሳይገባ እዚያው እንዲንጠባጠብ። ቋሚው ከመሬት ጋር የተያያዘ የመብረቅ መከላከያ ሽቦ አልነበረውም። ያንንም አስገባን።

ዝቅታው የራሱ ጣጣ አለው። 2.7 ሜትር ላይ ያለ ዲሽ ፊት ሰው ያልፋል፣ ከብት ያልፋል፣ የቲማቲም ሳጥን ይደረደራል። ባለቤቱ ፊት ለፊቱን በሽቦ አሳጠሩት። ሐይቁ ዳር ያለው ደንገልም ያድጋል፣ በዚያ በኩል ያለው በየጊዜው እንዲታጨድ ለጥበቃው ተነግሮታል።

ከዚያ ወዲህ ሊንኩ ሌሊትም ቀንም ከ-49 እስከ -51 ባለው ውስጥ ነው የሚመላለሰው።

አሁን የምንከታተለው የሐይቁን ከፍታ ነው። የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም፣ ስለዚህ ከክረምት በኋላ ይሞላል። ውሃው አንድ ሜትር ቢጨምር 19 እና 4 ሜትር ይሆናል፣ ልዩነቱ ወደ 1.9 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፣ ከአንድ ዲቢ ብዙም የማይበልጥ ነው የምናጣው። ከዚያ በላይ ከሞላ ግን ዲሹን ቋሚው ላይ ትንሽ ከፍ ማድረግ ይመጣል። ቋሚውን በየግማሽ ሜትሩ ቀለም ቀብተን ቁጥር ጽፈንበታል፣ ሥራ አስኪያጁ ሒሳቡን ስልኩ ላይ ይዞታል፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ የውሃውን ዳር ለክቶ ይደውላል።